ያረጀች ላሜን ሽጪ ይሉኛል፤ እኔ ግን ደስ የሚለኝ በረት ስገባ ነው

ላም በደጄ (ሰንዳፋ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከቤተሰቤ ጋር ስከራከርበት የከረምኩትን ጉዳይ ላማክራችሁ ነው።

አባታችን ሲያርፍ ሁለት ላም፣ አንዲት ጊደር፣ ጥቂት ዶሮና አንድ ውሻ ትቶልን ነው የሄደው። ወንድሞቼ የሚኖሩት አዲስ አበባ ነው። «ሽጪና ተገላገይ» አሉኝ። አልሸጥኩም። ሥራዬ ቢሮ ነው። ጎህ ሲቀድ ተነስቼ አዛባ እጠርጋለሁ፣ አልባለሁ፣ ድርቆሽ አቀርባለሁ፣ ከዚያ ታጥቤ ወደ ሥራ። ማታም እንደዚያው። የሚያግዘኝ ልጅ አለ፤ ማለቡን ግን ለማንም አልሰጥም።

«አይደክምሽም?» ይሉኛል። ይደክመኛል እንጂ! ግን ከቢሮ ስመለስ ጭንቅላቴ በሰው ወሬና በወረቀት ተሞልቶ ነው የምመጣው። በረት ገብቼ ቡሬን ዳበስ ዳበስ ሳደርጋት፣ ጡቷን ለብ ባለ ውሃ ሳጥብላት ቀለል ይለኛል። የእሷ ነገር ግልጽ ነው። ርቧታል? ጠምቷታል? እግሯን ለምን አነሳች? ዛሬ ለምን አላመነዠከችም? ይህን ሳይና ሳስብ የራሴን ጭንቀት እረሳዋለሁ።

ለገንዘቡ ነው እንዳትሉኝ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ወተት የሚወስዱት ደንበኞቼ ይጠፋሉ። 55 ቀን ሙሉ ወተቱን እያጠራቀምኩ እንጣለሁ፣ ቅቤ አወጣለሁ፣ አሬራውን ውሻውና ዶሮዎቹ ይካፈሉታል። ገቢዬ በጣም ይወርዳል። ደስታዬ ግን ቅንጣት አይቀንስም።

አሁን ጭቅጭቁ የመጣው በትልቋ ላም በዳልቼ ነው። አባቴ ከጥጃነቷ ጀምሮ ያሳደጋት ናት። አርጅታለች፣ ወተቷም ነጥፏል። «ምን ታደርግልሻለች?» ይሉኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ደግሞስ እንስሳ በመንከባከብ የሚገኘው ይህ እርካታ ከየት የሚመጣ ይመስላችኋል?

*

ገበሬው ከአሰላ፦

እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ሽጫት።

እንስሳ ስለማልወድ አይደለም። እኔ የተወለድኩት በረት አጠገብ ነው። ግን አስቢው። ያረጀች ላምም ቢሆን መብላቷን አትተውም። በጋው ማብቂያ ላይ፣ ድርቆሹ አልቆ ሣሩ ገና ሳይበቅል፣ የዳልቼን ድርሻ ከማን አፍ ነው የምትቀንሺው? ከጊደሯ ነው። ጊደር ደግሞ በማደጊያዋ ከተራበች ኮርማ ለመቀበል ትዘገያለች፣ ከወለደችም በኋላ ወተቷ አያምርም። ከብት መቀነስ ያቃተው ሰው ሁሉንም እኩል ሲያስርብ ብዙ አይቻለሁ። ለእኔ መንከባከብ ማለት ይህንንም መወሰን ነው።

ስለ እርካታው ግን አልከራከርሽም። የተጠማች ላም ስትጠጣ ቆሞ ማየት ራሱ ያጠግባል።

*

ሐኪሙ (ቢሾፍቱ)፦

ከሁሉ በፊት ጥያቄ አለኝ። ዳልቼ ስንት ዓመቷ ነው? ለመጨረሻ ጊዜ የወለደችው መቼ ነው? እርጉዝ አለመሆኗ ታይቷል? ላም ወተት ነጠፈች ማለት አረጀች ማለት አይደለም። እርጉዝ ሆና ሊሆን ይችላል። ያልታየ የማሕፀን ወይም የጥርስ ችግርም ሊኖር ይችላል። ጥርሷ ያለቀ ላም ድርቆሹን አላምጣ መጨረስ ስለማትችል ትከሳለች። መጀመሪያ ባለሙያ ይያት፣ ከዚያ ትወስኛለሽ።

ሁለተኛው ጥያቄሽን ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ልጨምርበት። ላም ወተቷን የምታወርደው አእምሮዋ ኦክሲቶሲን የሚባለውን ሆርሞን ሲለቅ ነው። ጡቷ ሲዳበስ፣ ጥጃዋን ስታይ፣ የለመደችው ሰው ሲመጣ ይለቀቃል። ውሻ ከጮኸባት፣ ከተመታች ወይም የማታውቀው ሰው ከጎተታት ደግሞ አድሬናሊን ይመጣና ወተቱን ይይዘዋል። ጥጃዋ አጠገቧ ከሌለች አልታለብም የሚሉት የአገራችን ላሞች በዚህ በጣም ይታወቃሉ። አንቺ ማለቡን ለማንም አልሰጥም ያልሽው ቡሬንም የሚጠቅማት ነገር ነው። አንቺ ስትረጋጊ እሷ ትረጋጋለች፤ እሷ ስትረጋጋ ወተቱ ይወርዳል። ቀለል ይለኛል ያልሽው ስሜት በሁለታችሁ መካከል የሚመላለስ ነው።

*

የወሎ ልጅ (ሳዑዲ)፦

ጽሑፍሽን ሳነብ እንባዬ መጣ፣ እህቴ።

እኔ ከሪያድ ወጣ ብሎ በረሃ ውስጥ በግና ግመል እጠብቃለሁ። ነጅዲም ነዒሚም የሚባሉ በጎች አሉን። ነጅዲ የሚባሉት ቁመተ ረጃጅም፣ ሰውነታቸው ጥቁር፣ ራሳቸው ነጭ ነው። በበጋ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ያልፋል። ከፊሌ (አሠሪዬ) የሚመጣው መኖና ውሃ ሊያወርድ ብቻ ነው። አማርኛ የማወራው ስልኩ ኔትወርክ ሲያገኝ ነው። እዚህ ያሉ ወንድሞች ብቸኝነት ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ።

እኔን ያቆሙኝ በጎቹ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ሥራ ብቻ ነበሩ። ኋላ አንዱን ከአንዱ መለየት ጀመርኩ። የትኛዋ ቀድማ ወደ ውሃ እንደምትሮጥ፣ የትኛዋ ግልገሏን ረስታ እንደምትሄድ ማወቅ ጀመርኩ። አንድ ጊዜ አንዲት በግ ግልገሏ ሞተባት። በዚያው ሰሞን ደግሞ እናቱ የሞተችበት ግልገል ነበር። ብሰጣት እየገፈተረች አባረረችው። አያቴ አገር ቤት ሲያደርጉ ያየሁት ትዝ አለኝ። የሞተውን ግልገል ቆዳ ገፍፌ ለወላጅ አልባው እንደ ካፖርት አለበስኩት። አሸተተችው፣ ዞረችው፣ ደግማ አሸተተችው። ከዚያ ቆመችለትና ጠባ። ከጥቂት ቀን በኋላ ቆዳውን ሳወልቅለት የራሷ አድርጋው ነበር።

ያን ቀን ለራሴ «ለካ አንድ ነገር የማውቅ ሰው ነኝ» አልኩ። እዚህ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። እርካታው ከየት ይመጣል ላልሽው የእኔ መልስ ይህ ነው። አንድ ነፍስ በአንተ እውቀት ስትተርፍ ታያለህ።

ዳልቼን አትሽጫት። አባትሽ ያሳደጋት ናት።

*

ድመት ወዳጅ (ደሴ)፦

የወሎ ልጅ፣ አላህ በሰላም ለአገርህ ያብቃህ ወንድሜ።

እኔ ላም የለኝም። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ከደረጃ ሥር የወለደች ድመት ነበረች፤ ጎረቤቶች ሊያባርሯት ሲሉ ወደ ቤቴ አስገባኋት። እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ሁለት ታሪክ ትነግረን ነበር። ሐዲስ ላይ ያሉ ናቸው። አንዱ የተጠማ ውሻ አይቶ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው ታሪክ ነው፤ በዚያ ሥራው ምሕረት አገኘ። ሌላው ድመት አስራ፣ ሳታበላትም ራሷ ለቅማ እንዳትበላም ሳትለቃት የገደለቻት ሴት ታሪክ ነው፤ እሷ ተቀጣችበት። ልጅ ሆኜ ያስደነግጠኝ የነበረው ሁለተኛው ነው። አሁን የማስበው መጀመሪያውን ነው። ሰውዬው የውሻው ባለቤት አልነበረም። የሚያገኘውም ጥቅም አልነበረም። የራሱ ጥም የውሻውን ጥም እንዲያውቅ አደረገው፣ ወረደ፣ ቀዳ።

የደስታው ምንጭ ለእኔ እዚያ ነው ያለው። ላም በደጄ፣ አንቺም ከቢሮ ደክመሽ መጥተሽ የደከመችውን ላም ታውቂያታለሽ።

*

ጋሼ መንዝ፦

ልጆቼ፣ እኔም ልናገር።

የመንዝ ብርድ ለሚያውቀው ያውቃል። ሌሊት የተወለደ ግልገል ውጭ ካደረ ጠዋት ደርቆ ይገኛል። ስለዚህ በግ ስትወልድ ግልገሉ ወደ ቤት ይገባል፤ ምድጃ አጠገብ ከልጆች ጋር ያድራል። ሰውና ግልገል አብሮ ነው ያደግነው። ከጥቁሩ በግ ጠጉር ያማረ በርኖስ ይሠራል፤ ያንን ለብሰን ነው መልሰን በግ የምንጠብቀው።

ስለ መሸጥ ግን ገበሬው ከአሰላ እውነት አለው። እኛ ሙክት እናደልባለን፣ ለፋሲካ እንሸጣለን። ከልጅነቱ በእጃችን የበላ በግ ነው። ልብ አይጨነቅም አልልም። ልጅ ሆነን አልቅሰናል። ግን አባቴ በሸጠው በግ አፍሮ አያውቅም። የሚያፍረው ከሲታ በግ ገበያ ካወጣ ነበር። ላሳደገው እንስሳ ያለው ፍቅር የሚታየው በደጅ ሳለ በያዘበት አያያዝ ነው።

የፈረሱን ነገር ብታዩማ! ነገሥታቱ ሳይቀሩ በፈረሳቸው ስም ነበር የሚጠሩት። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል። ያን ያህል የከበረ ሰው በእንስሳው ስም መጠራቱን እንደ ማዕረግ ነው ያየው። ልጄ፣ በረት ውስጥ ደስ የሚልሽ አንቺ ብቻ አይደለሽም። በዚህ አገር ዱሮም የነበረ ነገር ነው።

*

ሐኪሙ (ቢሾፍቱ)፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ስለ ስም ካነሱ አይቀር አንድ ጥናት ልጥቀስ። እንግሊዝ አገር ያለው የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 516 የወተት ላም አርቢዎችን ጠይቀው ነበር። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ላሞቻቸውን በስም የሚጠሩት አርቢዎች ከማይጠሩት ይልቅ በዓመት ከአንድ ላም 258 ሊትር የበለጠ ወተት ያገኙ ነበር።

ስሙ ራሱ ወተት ያመጣል ማለት ግን አይደለም። ስም ያወጣ ሰው ለይቶ ያያታል። ለይቶ ካያት ጡቷ ሲያብጥ ቶሎ ይደርስባታል፣ አፍንጫዋ ሲደርቅ ያስተውላል፣ ማመንዠክ ስታቆም ይደነግጣል። ክሊኒክ ውስጥ ልዩነቱን በየቀኑ አየዋለሁ። አንዱ «ከትናንት ማታ ጀምሮ በግራ ጎኗ አልተኛችም» ብሎ ይመጣል። ሌላው ላሟ ወድቃ መነሳት ካቃታት በኋላ ይመጣል። መድኃኒቱ አንድ ነው። የምትድነው ግን የመጀመሪያው ሰው ላም ናት።

*

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

እዚህ አሜሪካ ውሻ አለኝ። አዲስ አበባ ስናድግ ቡቺያችን ቀን ታስሮ ውሎ ማታ ይለቀቅ ነበር፤ ቤት መግባት የማይታሰብ ነው። እዚህ ስመጣ ልጄ ለመነችኝና ከመጠለያ አንድ አሳደግን። ብዙ ዓመት በዚህ ሰፈር ኖሬ ሰላም የምለው ሰው አልነበረኝም። ውሻውን ማንሸራሸር ከጀመርኩ ወዲህ ግን መንገዱን ሁሉ አወቅሁት። ሰዎቹን የማውቃቸው በውሾቻቸው ስም ነው፤ ጋሼ ያሉት የአባ ዳኘው ነገር እዚህም አለ ማለት ነው።

ላም በደጄ፣ የአንቺ ውሻ እንዴት ነው? ተከትቧል? እዚህ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሕግ ግዴታ ነው። አገር ቤት ግን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ከተነከሰ በኋላ ነው።

*

ላም በደጄ (ሰንዳፋ)፦

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። የወሎ ልጅ፣ አንተ ጀግና ነህ። ውሻዬ አልተከተበም፤ በዚህ ሳምንት አስከትበዋለሁ። ዶክተር፣ ዳልቼን የሚያያት ሰው ነገ ይመጣል።

*

ሐኪሙ (ቢሾፍቱ)፦

ጥሩ። ውሻ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ድመትም እንደዚሁ፤ ደሴ ያለሽው እህቴ አንቺም ስሚ። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያ ሳይዘገዩ ሐኪም ቤት። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ቀድሞ መከላከል ግን ይቻላል። ዶሮዎቹንም አትርሺ። ፈንግል ዝናቡ ሲገባ ይብሳል፤ ከገበያ የተገዛ ዶሮ ሳይለይ ከተቀላቀለም ሁሉንም ይጨርሳል። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ በብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል።

*

የእህል በረንዳ ልጅ፦

ስለ አህያ ማንም ሳያነሳ ውይይቱ ሊያልቅ ነው እንዴ?

ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም አንደኛ ናት። እህሉን ወፍጮ ቤት ያደረሰው፣ ውሃውን ከምንጭ ያመጣው፣ እኔን ትምህርት ቤት ያስገባኝ አህያ ነው። እናቴ በሁለት አህያ እህል እያጓጓዘች ነው ያሳደገችን። ሰው አህያን እየደበደበ ሲሄድ እናቴ መንገድ ላይ ቆማ ትቆጣ ነበር። የእሷ አህዮች ገጣባ አልነበራቸውም። ከጭነቱ ሥር የሚነጠፈውን ድብዳብ እሷው ትሰፋዋለች፣ ማታ ጀርባቸውን በእጇ ትዳብሳለች፣ የሞቀ ወይም ያበጠ ቦታ ካገኘች በማግስቱ አይጫኑም። ያን ቀን ገቢ የለም። እኛም በልተን የምናድረው ትንሽ ነው። እሷ ግን ፊቷ ላይ ቅሬታ አይቼ አላውቅም።

ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ተከፍቶ ሕዝቡ ሲቃወም፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲዘጋ፣ እናቴ ሬዲዮ ላይ ሰምታ እልል አለች። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው ጉባኤ አህያን ለቆዳው ብሎ ማረድን በመላው አህጉር ከልክሏል። ለሁለቱም ደስ ብሎኛል። ግን ከቄራ የዳነ አህያ ገበያ ላይ በገጣባ ጀርባው ሁለት ኩንታል ከተጫነበት ምን ተረፈ? ክልከላው የእኛን እጅ አይተካም። እናንተ ስለ ላምና ውሻ የምታወሩትን ለአህያም አውሩልኝ።

*

ገበሬው ከአሰላ፦

የእህል በረንዳው ልጅ፣ ከልብ ነው የተናገርከው። የእኔ አህያ ጀርባ ላይ ዛሬውኑ እጄን አሳርፋለሁ።

*

ላም በደጄ (ሰንዳፋ)፦

ይኸው ተመለስኩ።

ዳልቼ ታየች። እርጉዝ አይደለችም። ጥርሷ ደክሟል፣ ግን በሽታ የላትም። ባለሙያው ከ14 ዓመት አታንስም አለኝ። ሌላው ዜና ጊደሯ ናት፤ የሰባት ወር እርጉዝ ናት! እኔ ያስጠቃኋት ጊዜ ያልያዘ መስሎኝ ነበር።

ገበሬው ከአሰላ ያልከውን ብዙ አሰብኩበት። የጊደሯን አፍ አልቀንስም፤ በዚህ ከአንተ ጋር ነኝ። ግን ዳልቼን አልሸጥም። ፋጉሎና ፉርሽካ ለእሷ መስጠት አቆማለሁ። ታላቅ ወንድሜን ደግሞ «የዳልቼን ጭድ አንተ ትገዛለህ፤ የአባታችን ላም ናት» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና እሺ አለ። ቅዳሜ ልጆቹን ይዞ ይመጣል። ማለብ ላስተምራቸው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ብያለሁ። ዳልቼ ከፊት ካልሄደች ቡሬም ጊደሯም ወደ ወንዝ አይወርዱም። ሌላ ሥራ ባይኖራት ይህ አላት።

ዶክተር፣ ጊደሯ የመጀመሪያዋ ነው። እኔም ያለ አባቴ ላም ሳዋልድ የመጀመሪያዬ ነው። ምን ላዘጋጅ?

*

ገበሬው ከአሰላ፦

ወንድምሽ ከከፈለ እኔ ምን እላለሁ! ጥሩ ፈርደሻል። ጭዱን ውሃ ነክረሽ፣ ካለ ሞላሰስ ጨምረሽበት ስጫት፤ ጥርስ ለሌላት ይቀላል። ጨውም አትርሺ።

*

ሐኪሙ (ቢሾፍቱ)፦

እንኳን ደስ አለሽ። ሁለት ወር ገደማ አለሽ። ከአሁን ጀምሮ ለጊደሯ መኖውን ቀስ እያልሽ ጨምሪላት፤ ግን እንዳትወፍር፣ የወፈረች ጊደር መውለድ ይከብዳታል። መውለጃዋ ሲቃረብ ለብቻዋ ደረቅ ጭድ የተነጠፈበት ንጹሕ ቦታ አዘጋጂ። ከአሁኑ ጡቷን በእጅሽ አለማምጃት፤ ስትወልድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከነካሻት ትራገጣለች።

ምጥ ስትጀምር አትቸኩዪ። ሁለቱ የፊት እግሮችና አፍንጫው አብረው ከመጡ ትክክል ነው። ከሁለት ሰዓት በላይ እያማጠች ምንም ለውጥ ከሌለ፣ ወይም አንድ እግር ብቻ ከታየ ሰው ጥሪ። ጥጃው ሲወጣ አፍና አፍንጫውን ጥረጊለት፣ እናቱ ትላሰው፣ እምብርቱን አዮዲን ንከሪው።

ዋናው ነገር እንገሩ ነው። ጥጃ ሲወለድ በሽታ መከላከያ የለውም፤ በእናቱ ማሕፀን ውስጥ አይተላለፍለትም። የሚያገኘው ከእንገር ብቻ ነው። አንጀቱ ያንን የሚቀበለው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ከቀን በኋላ በሩ ይዘጋል። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ የክብደቱን አንድ አሥረኛ ያህል ይጥባ። 30 ኪሎ ከሆነ 3 ሊትር ማለት ነው። ለጎረቤት እንገር መላክ ያለ ባህል ነው፣ ግን መጀመሪያ ጥጃው ይጥገብ።

የእንግዴ ልጁ በ12 ሰዓት ውስጥ ካልወጣ በእጅሽ እንዳትጎትቺው። እዚህ ጻፊልኝ፣ አቅራቢያሽ ያለውንም ባለሙያ ጥሪ።

*

ላም በደጄ (ሰንዳፋ)፦

እሺ ዶክተር። ሁሉንም ወረቀት ላይ ገልብጬ በረቱ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። አዮዲኑን ነገ እገዛለሁ። የወንድሜ ትልቋ ልጅ ጊደሯ ስትወልድ ልጥራት ብላኛለች፤ ሌሊትም ቢሆን እጠራታለሁ።